ቃል እያረምን ጉዳዩ እንዳይቀር

እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቼ። ከጎንደር ነው የማወራችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ላወራበት የፈለግኩት ነገር ስላለ ነው።

ሰሞኑን ፒያሳ ቡና ልጠጣ ቁጭ ስል ይሄ ወሬ አይጠፋም። «ኧረ ዘንድሮስ አፋችንን ሊለጉሙት ነው!» ዕውር አትበል፣ እብድ አትበል፣ ዘበኛ አትበል፣ ገረድማ ጨርሶ አይነሳ። ከዚያ አንዱ ይነሳና «ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው» ይላል። ቅሬታው ይገባኛል። ከፊሉን እኔም እጋራዋለሁ፣ እመጣበታለሁ። የፈረንጅ ነው በሚለው ግን አልስማማም።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩትን አዋጅ አስታውሱ እስቲ። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን፣ ሌላውንም ሙያተኛ በሥራው እየጠራችሁ አትስደቡ፣ የሚሳደብ ይቀጣል የሚል አዋጅ ነው። ያኔ ወርክሾፕ የለ፣ ስልጠና የለ፣ ፌስቡክ የለ። ንጉሡ ያዩት ነገር ግልጽ ነው፤ ሙያተኛው በሙያው ከተሰደበ ልጁን አያስተምረውም፣ አገርም ማረሻ የሚሠራላት ታጣለች። እናቶቻችንም ደጅ ላይ ለምጽዋት የቆመውን ሰው «የኔ ቢጤ» ሲሉት ማንም አላሰለጠናቸውም። ሰው በአጠራር እንደሚቆስል እዚህ አገር ድሮም ይታወቃል።

ጎንደር ደግሞ ይሄን ከማንም በላይ ማወቅ አለባት። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ወጣ ስትሉ ወለቃ አለች። ሸክላ የሚሠሩ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ ቤተ እስራኤላውያን የኖሩባት መንደር ናት። ጎንደርን ከገነቧት ግንበኞች መካከል እነሱም እንደነበሩበት ይነገራል። ማረሻችንን ሠሩልን፣ ምጣዳችንን ሠሩልን፣ እኛ ግን «ቡዳ» አልናቸው። «ፈላሻ» የሚለውንም ስም ባለቤቶቹ እንደ ስድብ ነው የሚሰሙት። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ዘመቻዎች፣ ከዚያም ወዲህ፣ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሰዎቹ ሄደውም ስሙ መንገድ ዳር ቱሪስት መጥሪያ ሆኖ ተጽፎ ቆየ። እኔ ይሄ ያመኛል። አንድ ሕዝብ «በዚህ አትጥሩኝ» ካለ ነገሩ አለቀ። ክርክር አያስፈልገውም፣ ሌላ ሰው ስላልከፋው እሱም ሊከፋው አይገባም ማለት አይቻልም።

እሺ፣ አሁን ወደ ሌላው ልምጣ። «በዛ» የምለው የትኛውን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። የሰማንያ ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ በከዘራቸው ተደግፈው፣ «ያ ዕውሩ ልጅ እኮ ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ወርሃዊ መዋጮውን እንተውለት» አሉ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስሙ ያለበትን መስመር በጣቱ ይዟል። ይሄኔ አንድ ወጣት ብድግ አለ። «ጋሼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ዕውር አይባልም! ዓይነ ስውር ነው የሚባለው። በዚህ ዘመን እንዲህ ይባላል?» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ በመቶ ሰው ፊት። ከዚያ ግማሹ ለወጣቱ፣ ግማሹ ለጋሼ ሆኖ ተጯጯኸ። ጋሼ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ስብሰባው እስኪያልቅ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ጸሐፊውም ጣቱን አነሳ፣ ወደ ሌላ አጀንዳ ተገባ። መዋጮው እንዳለ ቀረ።

ወጣቱ ቃሉ ላይ ትክክል ነው። ይሄን አልክድም። ግን ስብሰባው ካለቀ በኋላ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ዓይነ ስውር ቢሉት ደስ ይለዋል» ቢላቸው ምን ነበረበት? ደስ ብሏቸው ይቀበሉት ነበር። ለልጁ ሊቆሙለት የተነሱ ብቸኛ ሰው እኮ እሳቸው ነበሩ።

ልጁን አውቀዋለሁ፣ ጎረቤቴ ነው። ነገሩን ስነግረው ዕውር መባሉን እንደማይወደው አልደበቀኝም። ግን ከዚያ ይልቅ የሚያንገበግበው ሌላ ነው። እኔም ያንን በዓይኔ አይቻለሁ። አብረን ማኪያቶ ልንጠጣ ገብተን አስተናጋጇ መጣች። ትሁት ልጅ ናት፣ ድምፅዋም የለሰለሰ። እኔን እያየች «ዓይነ ስውሩስ ምን ይጠጣል?» አለችኝ። አጠገቤ ተቀምጧል! ጆሮው ይሰማል፣ አፉ ይናገራል፣ ኪሱ ውስጥ ገንዘብ አለው። ቃሉ ምንም አይወጣለትም፣ ሰውየው ግን እዚያ ወንበር ላይ እንደሌለ ተቆጠረ። እሱም ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዙሮ «ለኔ ማኪያቶ፣ ጠቆር ያለ» አለ። እንዲህ ሲደረግበት የመጀመሪያው እንዳልሆነ ካመላለሱ ያስታውቅ ነበር።

«በዛ» የምለው እንግዲህ ይሄንን ነው። ደንቡ ቃል መቁጠር ሲሆን፣ ትክክለኛውን ቃል የያዘ ሰው ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። ቡዳ የሚለውን ዛሬ በአደባባይ የሚል ሰው ብዙ አታገኙም። ግን ልጅ ሊዳር ሲል፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ «ዘራቸው ምንድን ነው? እጃቸውስ ምን ይሠራ ነበር?» እየተባለ በሹክሹክታ ይጠየቃል። በጨዋ ቃል፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። ጋብቻውም ይፈርሳል። ይሄንን የሚያርም ሰው በስብሰባ መሃል ብድግ ሲል አይቼ አላውቅም።

ሕጉን በተመለከተም ሰዎች የሚያደባልቁት ነገር አለ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አፍ የሚያመልጠውን አያት ለማሰር አልወጣም። ሆን ብሎ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመርኩዞ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያስፋፋውን ነው የሚለው። ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው፤ ጥቃት ካስከተለ ደግሞ ይከብዳል። እኛ በዚህ አካባቢ ባለፉት ዓመታት ሰውን በጅምላ ስም ጠርቶ ማስጠላት ወዴት እንደሚወስድ አይተናል፣ ቀብረንበታል። ስለዚህ «ሕጉ አበዛው» ለሚሉኝ፣ አይ፣ እሱ አልበዛም እላለሁ። እንደውም ጋሼን በስብሰባ መሃል ያሸማቀቀውን ጉልበት ስልኩን ይዞ በቀጥታ ስርጭት ሕዝብ ለሚያባላው ብናውለው ምን አለበት? እሱን ላይክ እያደረግን፣ አዛውንት ላይ እንበረታለን።

ወጣቶች፣ እናንተን አታርሙ አልልም። አርሙ። ግን መጀመሪያ ሰውየው ምን ሊል እንደተነሳ ስሙት። «አፋችን ተለጎመ» የምትሉም፣ የሚጠራው ሰው ምን መባል እንደሚፈልግ አንዴ ጠይቁት፤ ምንም አይጎድልባችሁም።

የእድሩን ጸሐፊ አግኝቼ የመዋጮው ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳ እንዲሆን ነግሬዋለሁ። ልጁም ራሱ መጥቶ እንዲናገር ጠይቄዋለሁ፣ እመጣለሁ ብሏል። ጋሼንም ቤታቸው ሄጄ ቀስቅሼ ይዣቸው እሄዳለሁ። በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካለ በድምፅ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ። ደህና ሁኑልኝ።