ለኮረኮንች መንገድ ቀላል ማርሽ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ብዙ ጊዜ ውስጤ ሲመላለስ ስለቆየ አንድ ነገር ላውራችሁ። ስለ ክራንክ ነው። ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድና አብሮት ያለው የፊት ጥርስ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ባለ ጥርስ ቀለበት ማለቴ ነው።

ብስክሌት ስንመርጥ ዓይናችን ፍሬሙ ላይ፣ ጎማው ላይ፣ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። የፊቱ ጥርስ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በኮረኮንች ለሚነዳ፣ በተለይ ደግሞ ዕቃ ጭኖ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው፣ እኔ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አይታየኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ የአስፋልት ብስክሌቶች ከፊት ሁለት ቀለበት፣ ባለ 50 እና ባለ 34 ጥርስ፣ ይዘው ይመጣሉ። ኮምፓክት የሚባለው ነው። ከኋላ ትልቁ 34 ከሆነ በጣም ቀላሉ ማርሽ አንድ ለአንድ ይሆናል፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። እስቲ እናስላው። የተለመደ ጎማ በአንድ ዙር 2.1 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሩ በሰዓት ወደ 7.5 ኪሎ ሜትር ነው። ሻንጣ የተሸከመ ብስክሌት ይዞ፣ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ፣ ያውም ከሰዓት በኋላ ደክሞን፣ ያንን ፍጥነት የሚይዝ ስንቱ ነው? ብዙዎቻችን 5 ላይ እንወርዳለን። ማርሹ ደግሞ ከዚያ በታች የለውም። ስለዚህ እግራችን በደቂቃ 40 ዙር ብቻ እየገፋ ይንፏቀቃል። እያንዳንዱ ግፊት ከባድ ነው፤ ጫናውም ጉልበት ላይ ያርፋል።

አስፋልት ላይ ከሆነ መላ አለው። ከኮርቻ ብድግ ትላላችሁ፣ በሰውነታችሁ ክብደት ትረግጣላችሁ፣ ያልፋል። ኮረኮንች ላይ ይህ አይሠራም። ብድግ ስትሉ ክብደታችሁ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ይቀለዋል፤ ጠጠሩን መቆንጠጥ ትቶ ባዶውን ይሽከረከራል። ጎማው አንዴ ከተንሸራተተ ፍጥነቱ ያልቃል፣ እግር መሬት ይነካል። በዚያ ዳገት ላይ ከጭነት ጋር እንደገና መነሳት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ሻንጣ ካለ ብስክሌቱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ስለዚህ ጠጠር ላይ የሚያዋጣው ቁጭ ብሎ፣ ሳይቆራረጡ፣ ለስለስ አድርጎ ማዞር ነው። ለዚህ ደግሞ ቀላል ማርሽ የግድ ነው። ሰው ጎበዝ ሆነ አልሆነ፣ የጎማው ሕግ አይለወጥም።

46 እና 30 ጥርስ ያለው ክራንክ እዚህ ጋ ይመጣል። ያው የኋላ 34 ላይ ሆናችሁ ማርሹ ወደ 12 በመቶ ይቀላችኋል። ለረጅም ጉዞ የሚሠሩት ባለ ሦስት ቀለበት ክራንኮች ከዚህም ይወርዳሉ፤ 48፣ 36፣ 26 የተለመደ ነው። 26ቱን ከኋላ 36 ጋር ስታገናኙት በደቂቃ 60 ዙር እያዞራችሁ በሰዓት ወደ 5.5 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። አንድ ሰው በእግሩ ከሚሄደው ብዙም አይበልጥም። ግን ትነዳላችሁ፤ አልወረዳችሁም።

«ታዲያ ሜዳው ላይ ፍጥነት አይቀርብኝም?» የሚሉኝ አሉ። 46ቱን ከኋላ 11 ጋር በደቂቃ 90 ጊዜ ብታዞሩት በሰዓት 47 ኪሎ ሜትር ነው። በ50ው 51 ይሆን ነበር። ጠጠር መንገድ ላይ በሰዓት 47 እየሄደ ፔዳል የሚመታ ማን ነው? ቁልቁለት ከሆነ ሁላችንም እጃችን ፍሬን ላይ ነው።

ቀላል ማርሽ የደካማ ነው የሚል ስሜት ግን ዛሬም አለ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሰዎች በሱ የተነሳ ጉልበታቸውን ይጎዳሉ። ስሜቱ ደግሞ የቆየ ነው። ቱር ደ ፍራንስን የመሠረተው ኦንሪ ዴግራንዥ የሚቀያየር ማርሽ የሚያስፈልገው ዕድሜው ከ45 በላይ ለሆነ ሰው ነው የሚል አቋም ነበረው። ውድድሩም እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ድረስ ማርሽ ለዋጭ አልፈቀደም። በዚያው ዘመን ቬሎሲዮ በሚል ስም የሚታወቀው ፖል ደ ቪቪ ደግሞ ረጅም መንገድ እየነዳ ለማርሽ ይሟገት ነበር። እኔ ከቬሎሲዮ ጋር ነኝ።

አሁን ለመቀየር ላሰባችሁ። ትንሽ ቀለበት ብቻ ገዝቼ አሮጌው ክራንክ ላይ አስራለሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ብሎኖቹ የታሰሩበትን ክብ ስፋት እዩ። 110 ሚሊ ሜትር ከሆነ 30 ጥርስ አይገባበትም፤ በተግባር 34 አካባቢ ያበቃል። ሙሉውን ክራንክ መቀየር ሊኖርባችሁ ነው። የፊቱ ማርሽ ለዋጭም ዝቅ ማለት አለበት። አንዳንድ ፍሬም ላይ ማሰሪያው የተበየደ ስለሆነ እስከሚፈለገው ድረስ አይወርድም፤ ይህን ሳትገዙ በፊት አረጋግጡ። ሰንሰለቱንም ማሳጠር ያስፈልጋል። አንዳንዱ የጠጠር መንገድ ክራንክ ደግሞ ቀለበቶቹ ወደ ውጭ 2.5 ሚሊ ሜትር ስለሚወጡ የራሱን ማርሽ ለዋጭ ይፈልጋል።

ከፊት አንድ ቀለበት ብቻ የሚለውም አማራጭ አለ። ቀላል ነው፣ ብልሽትም ይቀንሳል። ግን በማርሽና በማርሽ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው እግር የለመደውን ዙር ማጣት ያደክማል። ለጉዞ እኔ ባለ ሁለት ቀለበቱን እመርጣለሁ።

እኔ የምነዳው 46 እና 30 ነው፣ ከኋላ 36። ያለ ጭነት ይበቃኛል። ሻንጣው ሲሞላ ግን ያቺ 26 ትናፍቀኛለች፤ ሦስት ቀለበት ሲሆን ግን ማስተካከያው ይበዛል፣ ፔዳሎቹም ትንሽ ይራራቃሉ። ገና አልወሰንኩም። ባለ ሦስት ቀለበት ይዛችሁ ረጅም መንገድ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ጉልበታችሁ ምን እንደሚላችሁ ጻፉልኝ።