ልጅቷ ቡናማዋን አሻንጉሊት ለምን ገፋቻት?

(በስክሪኑ ላይ፦ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ አራት አሻንጉሊቶች)

እነዚህን አሻንጉሊቶች እዩዋቸው። ቅርጻቸው አንድ ነው፣ ቁመታቸውም አንድ ነው። ሁለቱ ቡናማ ሆነው ጥቁር ጸጉር አላቸው። ሁለቱ ደግሞ ነጭ ሆነው ቢጫ ጸጉር አላቸው። ፊት ለፊታቸው አንዲት ትንሽ ጥቁር አሜሪካዊት ልጅ ተቀምጣለች። "ልትጫወቺባት የምትፈልጊውን ስጪኝ" ትባላለች። ቀጥሎ "መጥፎ የምትመስለውን ስጪኝ" ትባላለች። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ነው ልብ የሚሰብረው፦ "አንቺን የምትመስለውን ስጪኝ።"

በዚህ ጥያቄ ያለቀሱ ልጆች ነበሩ። ክፍሉን ጥለው የሮጡም ነበሩ።

ጥናቱን የሠሩት የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ባልና ሚስት፣ ማሚ ክላርክ እና ኬነዝ ክላርክ ናቸው። የዛሬው ቪዲዮ ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ማሚ በ1917 አርካንሳስ ውስጥ ተወለደች። ሐሳቡ የመነጨው ከእሷ የማስተርስ ጥናት ነው፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ግን የባሏን ስም ነው። ይህ ቢታረም ደስ ይለኛል።

በ1947 በታተመው ውጤት 253 ጥቁር ልጆች ተካተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 7 ነው። ከመቶ 67ቱ መጫወት የፈለጉት በነጯ አሻንጉሊት ነው። 59ኙ መጥፎ የምትመስለው ቡናማዋ ናት አሉ። ልጆቹን ቀለም እንዲቀቡ ሲያደርጓቸውም፣ አንዳንዶቹ ጠቆር ያሉ ልጆች ራሳቸውን ከመልካቸው ይልቅ አቅልተው ቀቡ።

ታዲያ የሦስት ዓመት ልጅ ይህን ከየት አመጣችው? ጋዜጣ አታነብም። ሲኒማ ቤቱ በርግጥ አለ፤ በ1930ዎቹ የአሜሪካን ልብ የሰረቀችው ነጯ ሕፃን ተዋናይ ሸርሊ ቴምፕል ነበረች፣ አሻንጉሊቷም በየሱቁ ይሸጥ ነበር። ግን ልጅ ስለ ራሷ መጀመሪያ የምትሰማው ሲኒማ ቤት ሳይሆን እቤቷ ነው።

(በስክሪኑ ላይ፦ ምድጃ፣ ምድጃው ላይ የብረት ማበጠሪያ)

ቤቱን እንግባበት። ሕፃን ስትወለድ ዘመድ ይሰበሰብና የጆሮዋን ጫፍ ያያል፣ ወደፊት ምን ያህል እንደምትጠቁር ለመገመት። ከፍ ስትል "ፀሐይ ላይ አትጫወቺ" ትባላለች። ቅዳሜ ማታ እናቷ ማበጠሪያውን ምድጃ ላይ ታግላለች፤ ልጅቷ አንገቷን ሰብራ ትቀመጣለች፣ ጸጉሯ ይተኮሳል፣ አንዳንዴ ጆሮዋ ይቃጠላል። ነገ ቤተ ክርስቲያን ስለሚኬድ ማማር አለባት። የተፈጥሮ ጸጉሯ አያምርም ማለት ነው? ማንም እንዲህ አላላትም፤ እሷ ግን ገብቷታል።

እናትየው ክፉ ሰው አይደለችም። በባርነት ዘመን ጌቶች ጥቁር ሴቶችን እየደፈሩ ልጆች ይወለዱ ነበር። ቀላ ካሉት ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ከእርሻ ይልቅ ቤት ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ነፃ የወጡ፣ ትምህርት የቀመሱም ነበሩ። ባርነት በ1865 ቀረ፤ የቀለም ደረጃው ግን አልቀረም። ከቡናማ የወረቀት ከረጢት የጠቆረ ሰው አይገባበትም ይባልለት የነበረ ክበብ ነበር። ይህን ያየች እናት፣ ጠቆር ያለች ልጇን ስታይ ትፈራለች። ሥራ ታገኝ ይሆን? ባልስ? ፍርሃቷ አፏ ላይ ስድብ ሆኖ ይወጣል።

ምክንያቱን ማወቅ ግን ጉዳቱን አያሳንሰውም፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። ቀላ ያለችው እህት ስትታቀፍ ጠቆር ያለችው ዕቃ የምታጥብበት ቤት አለ። "ማን ያገባሻል?" የሚባልበት ቤት አለ። ለአንዷ ጥፋት ቁጣ፣ ለሌላዋ ለዚያው ጥፋት ዱላ የሚወርድበት ቤት አለ። ይህ ጥቃት ነው፤ "አስተዳደግ ነው" ብለን ልናልፈው አይገባም። ደግሞ ሌላ ነገር ያስከትላል። አስቀያሚ ነሽ፣ ዋጋ የለሽም እየተባለች ያደገች ልጅ፣ የቤተሰብ ሰው ሲነካት ለማን ትናገራለች? የሚያምናት እንደሌለ አስቀድማ ተምራለች። ልጆችን የሚያጠቃ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለችውን ልጅ ለይቶ ያውቃል።

እኛም ከዚህ ሩቅ አይደለንም። በአሜሪካ የምታድግ የሀበሻ ልጅ ትምህርት ቤት ጥቁር ናት፤ እቤት ደግሞ ከክረምት ዕረፍት ስትመለስ "ውይ፣ ምነው እንዲህ ጠቆርሽ?" ትባላለች፣ ያውም በእንግዶች ፊት። እኛ ለሰላምታ ያህል ነው የምንለው። እሷ ግን ሁለቱንም ትሰማለች።

(በስክሪኑ ላይ፦ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕንፃ)

ግንቦት 17 ቀን 1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት ልጆችን በዘር መለየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ። የኬነዝ ክላርክ ጽሑፍ በውሳኔው የግርጌ ማስታወሻ ላይ ተጠቅሷል። ትልቅ ድል ነው። ግን ፍርድ ቤት ትምህርት ቤትን ያዝዛል እንጂ ማድቤት ገብቶ እናትን አያዝዝም። በ2005 አንዲት የኒውዮርክ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሙከራውን በ21 ጥቁር ልጆች ደገመችው። 15ቱ ነጯን አሻንጉሊት መረጡ።

ማሚ ክላርክ ፍርድ ቤቱን አልጠበቀችም። በ1946፣ ከውሳኔው ስምንት ዓመት ቀድማ፣ ከባሏ ጋር በኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም ለልጆችና ለወላጆቻቸው የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚሰጥ ማዕከል ከፈተች፤ ስሙ ኖርዝሳይድ ይባላል። ልጆችን ብቻቸውን ለይታ አላየችም፤ ቤተሰባቸውንም አብራ ታይ ነበር። በ1979 ጡረታ እስክትወጣ ድረስ መራችው። ማዕከሉ ዛሬም ሃርለም ውስጥ ልጆችን ከነቤተሰባቸው ይቀበላል።