ከአዘዞ እስከ ቦሌ፦ ሻንጣ ውስጥ ያለው ብራና

ትዕግሥት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ከጎንደር የምንወያየው፣ ለጥምቀት መጥተው ወደ ውጭ አገር የሚመለሱ ዘመዶቻችን ይዘዋቸው ሲሄዱ ጉምሩክ ላይ ሊያዙባቸው ስለሚችሉ ዕቃዎች ነው። ይርጋ፣ ከብራና መጽሐፍ እንጀምር ብለህ ነበር።

ይርጋ፦ አዎን፣ የእኛ ከተማ እንግዳ በብዛት የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ገዢው አሮጌ ነገር ስለሚወድ፣ አንዳንዱ ሠሪ አዲሱን ብራና ጢስ ያጠግበዋል፤ ሽፋኑ ላይም ሰም ያንጠባጥብበታል። አንዱን ከፋሲል ግቢ አቅራቢያ ገልጬ ሳይ፣ የቅጠሉ ዳር ጠቁሮ ወደ ስፌቱ በኩል ያለው ግን ገና ነጭ ነበር፤ ቀይ ቀለሙም ጣቴ ላይ ቀረ። እኔ ተረጋግቼ ስላየሁት ለየሁት እንጂ፣ ሌሊት ረጅም ሰልፍ ፊቱ የቆመ ፈታሽ እንዲህ እያገላበጠ እንዲለይልን መጠበቅ የለብንም።

ትዕግሥት፦ ሕጉስ ምን ይላል?

ይርጋ፦ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ስለዚህ ዕቃው አዲስ ቢሆንም፣ ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ አውጥቶ ከሱቁ ደረሰኝ ጋር በእጅ ቦርሳ መያዝ ያሻል። ከአዘዞ የሚነሣው በረራ የአገር ውስጥ ስለሆነ፣ እዚህ ያለፈ ሻንጣ ሁሉ ያለቀለት ይመስላል፤ የጉምሩኩ ፍተሻ ግን ቦሌ ይጠብቃል።

ትዕግሥት፦ ጥብቅነቱን የሚያማርሩ አሉ።

ይርጋ፦ እኔ ጎንደሬ ሆኜ አላማርርም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 አንድ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን የጎንደሩን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ፣ በምትካቸው ቅጂ አስቀምጦ ሄዷል። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ ውስጥ ናቸው። የዝሆን ጥርስ ጌጥንማ፣ ከአያት የተወረሰ ቢሆንም፣ ማንም ሰው በሻንጣው አይሞክረው።

ትዕግሥት፦ በመድረሻው በኩልም ሌላ ሕግ አለ። አክስቴ ልጃቸውን አራስ ለመጠየቅ ሲሄዱ፣ ራሳቸው ያነጠሩትን ቅቤ ክዳኑን በጨርቅ አስረው፣ በሦስት ፌስታል ጠቅልለው ያዙ። አንድ የአውሮፓ አየር ማረፊያ ላይ ተወሰደባቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በመንገደኛ ሻንጣ የሚገባ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ስለሚከለክል፣ ቅቤው ንጹሕ መሆኑ አላዳነውም። እኔን የቆጨኝ ቅቤው ብቻ አልነበረም፤ አስቀድመን ሳንነግራቸው መቅረታችን ነው።

ይርጋ፦ አሜሪካም ቋንጣ አያስገባም። በተጨማሪም የምግብ ነገር የያዘ መንገደኛ፣ በርበሬና ሽሮም ቢሆን፣ መያዙን ማስታወቅ አለበት፤ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ የያዘም እንዲሁ። ጫትም አሜሪካ ውስጥ ክልክል ነው፤ ብሪታንያ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ ከልክላዋለች፤ እዚህ በግልጽ ስለሚሸጥ ብቻ እዚያም ያልፋል ብሎ መያዝ ለእስር ሊያበቃ ይችላል።

ትዕግሥት፦ አክስቴ ዘንድሮም ይሄዳሉ። ትናንት ማታ ሻንጣቸውን አብረን ፈተሽነው፤ ቅቤው እቤት ቀርቷል፣ ይዘውት የሚሄዱት መስቀል ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጠው ወረቀት ግን ገና አልወጣም፤ ሰኞ አብሬያቸው ለማስጨረስ እሄዳለሁ።