ቃሏ ይበቃል

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ከጎንደር ነው የማነጋግራችሁ። ዛሬ በየቤቱ በሹክሹክታ ብቻ የሚነሳውን የጽንስ ማቋረጥ ጉዳይ ላነሳ ነው።

ብዙ ሰው ሕጋችን ጨርሶ የሚከለክል ይመስለዋል። በመሠረቱ ድርጊቱ ዛሬም ወንጀል ነው። ነገር ግን ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 በር ከፍቷል። እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት ከመጣ፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፣ ወይም ነፍሰ ጡሯ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት፣ አለዚያም በዕድሜዋ ለጋነት ልጅ ለማሳደግ ካልቻለች፣ ባለሙያ ቢያቋርጠው አያስቀጣም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ግን አንቀጽ 552 ነው። «ተደፍሬ ነው» ካለች ቃሏ ይበቃል። የፖሊስ ወረቀት አትጠየቅም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያም የነገረቻችሁን ዕድሜ መዝግቡ፣ ሌላ ማስረጃ አትጠይቁ ይላል፤ አገልግሎቱንም በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ እንድታገኝ ያዛል።

አሁን ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እንሂድ። ከደንቢያ ገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ፣ ተደፍራ ያረገዘች የ16 ዓመት ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር። መዝጋቢው ቀና እንኳ ሳይል ጮክ ብሎ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አላት። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ «ራሴን» አለች። የራስ ምታት ኪኒን ታዞላት ወጣች! ሕጉ የሰጣት ቃል ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። እጇን ይዤ መልሼ አስገባኋት፤ ያዳነቻት በሯን ዘግታ፣ አጠገቧ ተቀምጣ ያነጋገረቻት አዋላጅ ነርስ ናት።

አርባ አራቱ ታቦት ባለበት ከተማ «ጽንስም ነፍስ ነው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ከደጀ ሰላም የማልጠፋ ሴት ነኝና እምነታችሁን አልንቅም። ነገር ግን የደፈራት ሰው ደረቱን ነፍቶ በፒያሳ ሲንጎራደድ ምንም ሳንለው፣ እሷን ብቻ ኃጢአተኛ ማድረጋችን ያንገበግበኛል። ሕጋዊውን በር ስንዘጋባትም ወደ ቤቷ አትመለስም፤ በድብቅ ቅጠል ቀቅሎ ወደሚያጠጣት ሰው ነው የምትሄደው።

ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና መኮንኖችን ያሠለጠነች ከተማ ናት። እስከ 12 ሳምንት ያለውን አገልግሎት በጤና ጣቢያ መስጠት የተፈቀደላቸውም እነዚሁ የጤና መኮንኖችና አዋላጅ ነርሶች ናቸው። ስለዚህ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ እባካችሁ ካርድ ክፍል ላይ ምክንያት መጠየቅ ይቅር። በቤታችሁ ልጅ የምታሠሩ እናቶች ደግሞ፣ ልጅቷ የወር አበባዋ ከቀረባት አትቆጧት፣ ወደ አገሯም አታባርሯት። ሳምንቱ ሳይገፋ አብራችኋት ሂዱ፤ መስኮቱ ላይም «አዋላጅ ነርስ ማነጋገር እንፈልጋለን» በሉላት።