ለሁለት ሰው የሚሆን ያገለገለ ካታማራን፦ ከመግዛታችሁ በፊት የት የት ታያላችሁ?

[ምስል፦ ሌሊት፣ ባሕር ላይ። መሪው ጋ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጧል።]

ካታማራን ማለት ሁለት ጠባብ ታንኳ ጎን ለጎን በወለል ተያይዘው የሚሠሩት የሸራ ጀልባ ነው። ባልና ሚስት ረጅም የባሕር መንገድ ሲጓዙ ጀልባዋን የሚይዘው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ሌላው ተኝቷል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ንፋሱ ቢበረታ ነቅቶ ያለው ሰው ሸራውን ብቻውን ማሳጠር አለበት። ስለዚህ "ስንት መኝታ አላት?" ከማለታችሁ በፊት "አንድ ሰው ብቻውን ይችላታል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

በዚህ መለኪያ ከ11 እስከ 12 ሜትር ርዝመት ይበቃል። ላጉን 380 የተባለችውን ሞዴል እንውሰድ፦ ርዝመቷ 11.55 ሜትር፣ ስፋቷ 6.53 ሜትር ነው። ወደ 14 ሜትር ስትጠጉ ዋናው ሸራ በክንድ ጉልበት የሚነሳ አይሆንም፣ የኤሌክትሪክ ዊንች (ገመድ የሚስብ ማሽን) ይፈልጋል። ዊንቹ የተበላሸ ቀን ደግሞ ሁለታችሁም ከእንቅልፍ ትነሳላችሁ። ስፋቱንም አትርሱ። ብዙ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ለካታማራን የአንድ ተኩል ወይም የሁለት ጀልባ ሒሳብ ያስከፍላል።

[ምስል፦ የሁለት ጀልባ የውስጥ ፕላን ጎን ለጎን]

ለባለቤት በተሠራችው አንዱ ታንኳ ሙሉ ለሙሉ የእናንተ መኝታና መታጠቢያ ነው። ለኪራይ የተሠራችው ግን አራት መኝታ ይኖራታል፤ በአንዳንዱ ሞዴል ሽንት ቤቱም አራት ነው። እያንዳንዱ ሽንት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከውኃ መስመር በታች ሁለት ቀዳዳ አለው፣ አንዱ ማስገቢያ፣ ሌላው ማስወጫ። ስምንት ቀዳዳ፣ ስምንት ቫልቭ፣ አራት ፓምፕ። ለሁለት ሰው!

የኪራይ ጀልባ ዋጋዋ ዝቅ ስለሚል ታጓጓለች። ሞተሯ ብዙ ሺህ ሰዓት ሠርቶ ታገኙታላችሁ፤ ቆማ እያለች እንኳ ባትሪ ለመሙላት ይነሳልና። ዘይቷ ግን አብዛኛውን ጊዜ በወቅቱ ስለሚቀየር ሰዓቱ ብቻውን አያስፈራም። በካሪቢያን ባሕር ባሉት በብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶች የቆየች ከሆነ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2017 የት እንደነበረች ጠይቁ። ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቶቹን የመታው በዚያ ቀን ነው። እዚያው ነበረች ከተባለ የጥገና ወረቀቷን ሳታዩ ዋጋ አትነጋገሩ።

[ምስል፦ ፍራሽ ሲነሳ፣ የባትሪ መብራት ወደ ጥግ ሲበራ]

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ፤ ጊዜያችሁን የምታጠፉት እዚህ ነው። ባሕር ሁለቱን ታንኳዎች በየፊናቸው ይጠመዝዛቸዋል፣ ሸራው የሚሰቀልበት ምሰሶ ደግሞ ከመሐል ወደ ታች ይጫናል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ምሰሶው አካባቢ ያለው ተሻጋሪ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ከታንኳው ጋር የተጣበቀው በፋይበርግላስ ጥብጣብ ነው። ፍራሹን አንሱ፣ የቁም ሣጥኑን ወለል ክፈቱ፣ መብራቱን በጎን አብሩና ጥብጣቡን በጣት ተከተሉት። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወይም ነጣ ያለ መስመር ካያችሁ ስስ ካርድ አስገቡበት። ከገባ ማጣበቂያው ለቋል። በሮቹንም እዩ፦ ጠርዙ በቅርብ የተላገ በር ካለ፣ ፍሬሙ ቅርጹን ስቶ በሩ አልዘጋ ብሎ ይሆናል።

ከላይ ያለው ወለል በብዙ ጀልባ ሁለት ፋይበርግላስ ሆኖ በመሐሉ ባልሳ እንጨት አለው። በትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ መታ መታ አድርጉ። ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውኃ የገባበት "ዱብ" ይላል። ውኃ የሚገባው በቡሎን ቀዳዳ ስለሆነ የገመድ ማሰሪያዎቹና የመደገፊያ ዘንጎቹ ዙሪያ ላይ አተኩሩ።

[ምስል፦ ሞተር ክፍል]

ሞተሩ ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ቀዝቃዛ ሞተር እንዴት እንደሚነሳ ማየት ስላለባችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ካምቢዮው ወለሉን በስቶ ወደ ውኃ የሚወርድ ከሆነ ቀዳዳውን የሚዘጋው ወፍራም የጎማ ጓርኒሲዮን ነው። የሞተር አምራቹ ቮልቮ ፔንታ በየ7 ዓመቱ ይቀየር ይላል። ለመቀየር ሞተሩ ከቦታው መሸሽ አለበት፣ ሞተሩ ደግሞ ሁለት ነው፤ ደረሰኝ ከሌለ ከዋጋው ይቀነስ። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ሳቡ። ዘይቱ ወተት መስሎ ከወጣ የባሕር ውኃ እየገባ ነው።

ምሰሶውን የሚወጥሩት ሽቦዎች የአንድ ታንኳ ጀልባ ካላቸው የበለጠ ይደክማሉ። ባለ አንድ ታንኳዋ ንፋስ ሲመታት ዘንበል ብላ ታሳልፈዋለች። ካታማራን አታዘነብልም፣ ጫናው በሙሉ ሽቦው ላይ ይቀራል። ብዙ ኢንሹራንስ ከ10 እስከ 12 ዓመት ሲሞላቸው ካልተቀየሩ አልሸፍንም ይላል። በታችኛው ጫፍ ጥጥ አሻሹበት፤ የተበጠሰ ክር ካለ ጥጡን ይይዘዋል።

ዋጋ ስትስማሙ ቀብድ ስጡ፣ በተለምዶ 10 በመቶ ነው፤ ግን ውሉ ላይ "በምርመራ ውጤት ላይ የተመሠረተ" መባሉን አረጋግጡ። መርማሪውን ራሳችሁ ቅጠሩ፣ ደላላው ያመጣላችሁን አይደለም። ጀልባዋም ከውኃ ወጥታ ትታይ።

[ምስል፦ የሙከራ ጉዞ]

በሙከራው ጉዞ ላይ አንዳችሁ ቁጭ በሉ። ሌላው ሸራውን ብቻውን ያንሳ፣ ያሳጥር፣ ያውርድ፣ መልሕቅ ይጣል፣ መልሕቅ ይሳብ። ከዚያ ተለዋወጡና ሁሉንም ከመጀመሪያው ድገሙት።