ይህን የሠራው ማነው?

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ቪዲዮ ጌም እንድናገር ስትጋብዙኝ "ማን ሊሰማኝ ይመጣል?" ብዬ ነበር። አሁን አዳራሹን ሳየው ግማሹ ተጫዋች ነው፤ ግማሹ ደግሞ የተጫዋች ወላጅ። ልጆች፣ እናንተ የመጣችሁት ጌም ጥሩ ነው እንድልላችሁ ነው። ወላጆች፣ እናንተ ደግሞ ልጆቹን "በቃችሁ" እንድልላችሁ ነው። ሁለታችሁንም ትንሽ ትንሽ ሳላስቀይም አልቀርም።

"ጌም አእምሮ ያሰላል፣ ጣት ያፍታታል" የሚለውን ክርክር አላነሳም። ልጅ ሆኜ ቤት ውስጥ ደጋግሜ ተከራክሬበታለሁ። አንድም ቀን አልረታሁም። የማወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው በልጅነቱ የወደደውን ጨዋታ ሲያድግ ይተወዋል። እኔን ግን አልለቀቀኝም። ጸጉሬ ሸብቶም ጆይስቲክ ሳይ እጄን ይበላኛል። ለምን እንደሆነ ሳስበው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጥያቄ እመለሳለሁ። ይህን የሠራው ማነው? ለምንስ እንዲህ አድርጎ ሠራው?

ጥያቄው የመጣው ተራዬን ስጠብቅ ነው። በቤታችን ትንሹ እኔ ነበርኩ። የቤት ትንሽ የነበረ ሰው ያውቀዋል፤ ተራ የሚደርሰው ታላላቆቹ ሲርባቸው ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሁለተኛው ጆይስቲክ ይሰጠዋል፤ ገመዱ ግን አልተሰካም። እሱ ምስኪን እየተጫወተ ይመስለዋል። አሁን የምትስቁት ታላላቆች ናችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ብቻ እኔ ለረጅም ጊዜ ተመልካች ነበርኩ። ተመልካች ደግሞ ተጫዋቹ የማያየውን ያያል። የሚጫወተው ሰው ዓይኑ ጉድጓዱና ኤሊው ላይ ነው። እኔ ሰማዩን አይ ነበር።

በሱፐር ማሪዮ ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ዓይነት ቅርጽ ናቸው። የሚለያዩት በቀለም ብቻ ነው፤ አንዱ ነጭ፣ ሌላው አረንጓዴ። ለእህቴ ስነግራት "አፍህን ዝጋና እይ" አለችኝ። ጌሙ የወጣው በ1985 ነው። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሺገሩ ሚያሞቶና ባልደረቦቹ መላውን ጨዋታ፣ ሙዚቃውንም ጨምሮ፣ 40 ኪሎባይት ውስጥ ማስገባት ነበረባቸው። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ደመናውን አረንጓዴ ቀብተው መሬት ላይ ተከሉት። ምክንያቱን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ግን ያኔም ጠርጥሬ ነበር። ከስክሪኑ ጀርባ የሚቸገር፣ የሚቆጥብ፣ መላ የሚፈልግ ሰው አለ።

አንዴ ይህ ጥርጣሬ ከያዘህ አይለቅህም። ስፔስ ኢንቬደርስን ተመልከቱ። በ1978 ጃፓን ውስጥ የሠራው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ነው። በሰልፍ እየወረዱ የሚመጡትን ወራሪዎች መትተህ በጣልክ ቁጥር የቀሩት ይፈጥናሉ። አንድ ብቻ ሲቀር ይበራል። የጨዋታው ልብ ይህ ነው። ነገር ግን ታስቦበት የተጀመረ አልነበረም። የማሽኑ አቅም ደካማ ስለነበር ያን ሁሉ ወራሪ መሳል ያዘገየው ነበር። ቁጥራቸው ሲያንስ ሸክሙ ቀለለለትና ፈጠነ። ኒሺካዶ ይህን አየና አላረመውም። እንዳለ ተወው። እኔ ብሆን ሌሊቱን ሳልተኛ አርመው ነበር።

ፓክማን ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ስለምወደው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ቶሩ ኢዋታኒ በ1980 ያወጣው ጌም ነው። ጠመዝማዛ መንገድ ውስጥ አራት መናፍስት ያሳድዱሃል፤ ሲታዩ ዝም ብለው የሚከተሉ ይመስላሉ። እያንዳንዳቸው ግን የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ቀዩ በቀጥታ አንተ ያለህበትን ይከተላል። ሮዙ ያለህበትን ትቶ ከፊትህ አራት ካሬ ያህል ያለውን ቦታ ያልማል፤ ለዚህ ነው ጥግ ስትዞር ድንገት ፊት ለፊትህ የሚመጣው። ሰማያዊው ያንተንም የቀዩንም ቦታ አስልቶ ስለሚነሳ ሐሳቡን መገመት ያስቸግራል። ብርቱካናማው ከሩቅ እየፎከረ ይመጣና ሲቀርብህ ወደ ጥጉ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ጓደኛ የሌለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሌላም አለ። አራቱም በየመሃሉ ማሳደዱን ለጥቂት ሰከንድ አቁመው ወደየጥጋቸው ይሄዳሉ። ልጅ ሆነን "አመለጥኩ!" ብለን የምንጮኸው በዚያች ሰከንድ ነበር። ማምለጫውን ግን ቀድሞ ያሰበልን ሰው ነበር። ይህን ሳውቅ ደስታዬ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር። ባሰብኝ እንጂ አልቀነሰም።

ሠሪው ያላሰበው ቦታ ላይ ሲደረስስ? የፓክማን 256ኛ ሌቭል ላይ የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ በፊደልና በቁጥር ዝብርቅርቅ ይሞላል። የሌቭሉን ቁጥር የሚይዘው ቦታ ከ255 በላይ መቁጠር ስለማይችል ነው። ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን የምትደረድርበት ቴትሪስም የራሱ ጉድ አለው። አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 ሞስኮ ውስጥ ሲሠራው የነበረው ኮምፒውተር ሥዕል እንኳ ማሳየት አይችልም ነበር። ቅርጾቹን የሠራቸው ከጽሑፍ ቅንፎች ነው። የጃፓኑ ኩባንያ ኔንቲዶ በ1989 ለቤት ኮንሶል፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ጋር ለሚገናኘው የጌም ማሽን፣ ያወጣው ቴትሪስ ደግሞ ለዓመታት ማለቂያ የሌለው ይመስል ነበር። ፍጥነቱ የሰው ጣት ከሚችለው በላይ ይሆንና ሁሉም ይሸነፋል። ከዚያ ልጆች አዲስ የጣት አያያዝ ፈጠሩ። ጆይስቲኩን ከጀርባው በጣቶቻቸው እየመቱ ማጫወት ጀመሩ። በታኅሣሥ 2023 አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ ጌሙ ራሱ ደርቆ እስኪቆም ድረስ ተጫወተ። ከሱ በፊት እዚያ የደረሰ ሰው አልታወቀም። ያ ጌም በዕድሜ ለልጁ አባት ይሆነዋል። እስቲ አስቡት፤ ሠሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ሌላ ከሄዱ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ገና ያልተወለደ ልጅ መጥቶ ሥራቸው የት ጋ እንደሚያልቅ አሳያቸው።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ታሪክ ግን የዋረን ሮቢኔት ነው። ሮቢኔት አታሪ ውስጥ ይሠራ ነበር። ኩባንያው በዚያ ዘመን የጌም ሠሪዎቹን ስም አይጽፍም። ሳጥኑ ላይ የለም፣ ስክሪኑ ላይ የለም። ሮቢኔት ይህ አንገበገበው። አድቬንቸር የሚባለውን ጌም ሲሠራ ለማንም ሳይናገር አንድ የተደበቀ ክፍል ጨመረበት። ወደ ክፍሉ ለመግባት ከመደቡ ቀለም ጋር የተመሳሰለች አንዲት ነጥብ ፈልገህ ማግኘት አለብህ። ስትገባ ቀለሙ የሚለዋወጥ ጽሑፍ ይታይሃል፤ "የሠራው ዋረን ሮቢኔት" የሚል። ሥራውን ለቆ ከሄደ በኋላ ነው አንድ ልጅ አግኝቶት ለኩባንያው ደብዳቤ የጻፈው። ዛሬ በየጌሙ ምስጢር መደበቅ ልማድ ሆኗል፤ ሠሪዎቹም ይዝናኑበታል። ያኔ ግን ጨዋታ አልነበረም። "እኔም ነበርኩ" ማለት ነበር።

እዚህ ላይ ወላጆች "እሺ፣ ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ የኔ ልጅ ግን ማታ አይተኛም" እያላችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ልክ ናችሁ። ያው ጥያቄ እዚህም ይሠራል። የስልክ ጌሞችን ክፈቱና ይህን የሠራው ማነው፣ ለምን እንዲህ አደረገው በሉ። በየቀኑ ካልገባህ ሽልማት የሚያስቀርብህ ለምንድነው? ምን እንደሚወጣልህ ሳታውቅ በገንዘብ የምትከፍተው ሳጥን ለምን ተቀመጠ? ኢዋታኒ መናፍስቱን ወደ ጥግ የመለሳቸው ተጫዋቹ ትንፋሽ እንዲያገኝ ነው። አንዳንዱ የዛሬ ጌም ደግሞ ትንፋሹን ራሱ ይሸጥልሃል። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ በ2018 በአንዳንድ ጌሞች ውስጥ ያሉትን እነዚህን የዕድል ሳጥኖች ቁማር ናቸው ብሎ ወስኗል። እኔም በዚህ ከተቆጣጣሪው ጋር ነኝ። ልጆች፣ አትቆጡኝ።

የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ የጌም ሱስን አካቷል። ግን መስፈርቱን ልብ በሉ። ልጁ ስንት ሰዓት ተጫወተ አይልም። ራሱን መቆጣጠር አቅቶታል ወይ፣ ጌሙ ከሌላው ኑሮው ሁሉ ቀድሟል ወይ፣ እየተጎዳም ይቀጥላል ወይ ነው የሚለው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል የቆየ መሆን አለበት። ቅዳሜን ሙሉ የተጫወተ ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ሰነፍ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ነግሬያችሁ ልውረድ። በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክን የሚጠብቅ አንድ የአሜሪካ ተቋም ጥናት አውጥቶ ነበር። ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም ይላል። ካሴቱ በእጅህ ከሌለ፣ ማሽኑም ካልሠራ፣ በሕጋዊ መንገድ የምትገዛበት ቦታ የለም። ሮቢኔት ስሙን የደበቀበት ዓይነት ክፍል ማንም ሳያገኘው ስንት ጌም ውስጥ ተቀምጦ እንደቀረ አስባለሁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር አለኝ። ቤታችሁ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ኮንሶል ወይም ካሴት ካለ አትጣሉት። እናንተ ባትፈልጉት የሚፈልገው ሰው አለ። ካሴቶቹን እርጥበት ከሌለበት ቦታ አስቀምጡ። የውስጡ ባትሪ ካለቀ ያስቀመጣችሁት ጨዋታ ይጠፋል፤ ጌሙ ራሱ ግን አይጠፋም፤ ባትሪውን መቀየር ይቻላል። ልጆች፣ እናንተ ደግሞ ጌም ስትጨርሱ መጨረሻ ላይ የሚያልፈውን የስም ዝርዝር አትዝለሉት። ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ቢያንስ ሙዚቃውን የሠራውን ሰው ስም ያዙ።

አሁን ወደ ጥያቄ እንለፍ። የሰዓት ገደብን በተመለከተ የምትጠይቁ ወላጆች እጃችሁን አውጡ፤ ግን መጀመሪያ ለልጆቹ ዕድል እሰጣለሁ። አመሰግናለሁ።