ታክሱ በፓኮ፣ ሽያጩ በፍሬ

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ የሰፈሬ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ ግንቦት 23 ነው፤ ትምባሆ የማይጨስበት ቀን። ተናገር ስባል ደነገጥኩ። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። እዚህ ሰፈር 16 ዓመት ሲጋራ ሸጫለሁ። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ከእጄ ገዝታችኋል። ስለ ሳንባው ሐኪሞች ይናገሩ። እኔ የማውቀው ሽያጩን ነው።

በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ ሲወጣ ትዝ ይላችኋል። ሲጋራ ላይ 30 በመቶ፣ በዛ ላይ 20 ፍሬ በያዘ ፓኮ 8 ብር ተጣለ። ዋጋ ሲወደድ አጫሹ ይቀንሳል ተባለ። እውነት ነው፤ በብዙ አገር ታይቷል። እኔም ደንበኛ ይሸሸኛል ብዬ ነበር። ማንም አልሸሸኝም። ከሱቄ የጠፋው ፓኮ የሚገዛ ሰው ነው።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ቤተሰቡ እዚሁ አለ። በየቀኑ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ መስኮቴን አንኳኩቶ አንድ ፓኮ ይወስዳል። ዋጋው ሲጨምር "ከዛሬ ጀምሮ በፍሬ ነው የምገዛው፤ ልቀንስ" አለኝ። ደስ አለኝ። ጠዋት 2 ፍሬ ወሰደ። ረፋድ ላይ ተመልሶ 3። ከምሳ በኋላ 4። ማታ መኪናውን ሲያቆም ደግሞ ለሌሊቱም ጭምር ያዘ። የሚከፍለኝ በወር ስለሆነ ሁሉንም ዱቤ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። በቀን 16፣ 17 ፍሬ። ይኸው ነው የቀነሰው። የሚከፍለኝ ገንዘብ ግን ከሙሉ ፓኮ ዋጋ በልጦ ነበር!

እንዴት ሆነ? ያ 8 ብር ለ20 ፍሬ ሲካፈል 40 ሳንቲም ነው። 60 ሳንቲም መልስ የሚሰጥ ባለሱቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሳንቲሙን ወደ ብር አስጠጋነው። ልዩነቱ መንግሥት ጋ አልሄደም፤ እኛ ኪስ ገባ። ታክሱ አጫሹን ሊያስቆም ታስቦ እኛን ነው የጠቀመን። ይህን የምላችሁ ሰምቼ አይደለም። እኔው ራሴ አድርጌዋለሁ።

እሺ፣ ሹፌሩ ትልቅ ሰው ነው። ልጆቹስ? የ2011ዱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራ አትሽጡ ይላል። ከፓኮው ፊት 70 በመቶውን የማስጠንቀቂያ ሥዕል ይሸፍነው ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ለሙሉ ፓኮ የሚሆን ገንዘብ ከየት ያመጣል? ለአንድ ፍሬ ግን የታክሲው ይበቃዋል። ሥዕሉንስ የት ያየዋል? ሥዕሉ ከነፓኮው እኔ መደርደሪያ ላይ ነው! ልጁ እጅ ላይ የገባችው ነጭ ዘንግ ብቻ ናት። "ለአጎቴ ነው" ይለኛል። አጎት እንደሌለው አውቃለሁ። እናቱን አውቃታለሁ። ሸጥኩለት! እኔ ብቻ ነኝ? በዚህ መንገድ ላይ ያልሸጠ ባለሱቅ ካለ ይነሳ!

ታክሱ ይቀነስ እያልኩ አይደለም። ይጨመር! ብር በረከሰ ቁጥር ይስተካከል። ግን በፍሬ መሸጥ እስካለ ድረስ ታክሱ አጫሹ ጋ የሚደርሰው ተሸራርፎ ነው። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ያፀደቀችው ዓለም አቀፍ የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት፣ አንቀጽ 16 ላይ፣ አገሮች ሲጋራ በነጠላ እንዳይሸጥ ለማድረግ ይጣሩ ይላል። ሱቄ መጥቶ "በፍሬ ለምን ትሸጣለህ?" ያለኝ ሰው ግን በ16 ዓመት ውስጥ አንድም የለም።

ኮንትሮባንዱም አለ። ታክስ ያልነካው፣ የአማርኛ ማስጠንቀቂያ የሌለው ሲጋራ ጨለማ ለብሶ ይገባል። እሱ የጉምሩክና የፖሊስ ሥራ ነው። ማቆም ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ጤና ጣቢያችን ውስጥ የሚያማክረው ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ይህን የወረዳው ሰዎች እዚሁ ስላላችሁ ያዙልኝ።

እኔ ከፋሲካ ወዲህ በፍሬ አልሸጥም። ገበያዬ ቀንሷል፤ አልዋሽም። ከዕድሩ ድንኳን እስከ ታክሲ ማዞሪያው 11 ሱቆች አለን። ወረቀት አዘጋጅቼ መጥቻለሁ፤ በሩ ጋ ጠረጴዛው ላይ አለ። "በፍሬ አልሸጥም" የሚል ባለሱቅ ሲወጣ ይፈርምበት። የመጀመሪያው መስመር ላይ እኔ ፈርሜያለሁ። 10 መስመር ባዶ ነው።

አመሰግናለሁ።